«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

ደሴ ላይ ለተሰባሰቡ የሰርቨር ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ! ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁ፣ ከወልድያና ከሐይቅ በሚኒባስ ተጠቅጥቃችሁ የደረሳችሁ፣ ከዚሁ ከፒያሳ በእግራችሁ ብቅ ያላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ቡናው እየተቆላ ነው። አቦል እስኪደርስ ላውራችሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የምትጠብቁት ሰርቨር ለመጨረሻ ጊዜ ሪስታርት የተደረገው መቼ ነው? ከኋላ ያለኸው ወንድሜ፣ ድገምልኝ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር? እየሳቅክ ነው የምትናገረው። ገባኝ፣ ኩራት አለበት። እኔም ነበረብኝ። የአፕታይም ቁጥሬን (ማሽኑ ሳይጠፋ የቆየበትን ጊዜ) ፎቶ እያነሳሁ ለጓደኞቼ የምልክበት ጊዜ ነበር። ሊኑክስ ነዋ! ዊንዶውስ የሚጠቀሙትን ለማብሸቅ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለከርነሉ፣ ለሲስተሙ አስኳል፣ የወጣ ፓች (የጥገና አፕዴት) እዚያ ማሽን ላይ ሥራ አልጀመረም። ማሽኑ ቢጠፋ መልሶ መነሳቱንም የሚያውቅ ሰው የለም። አንተም አታውቅም ወንድሜ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ የሞከረው የለማ።

እኛ ወሎ ውስጥ ነን ደግሞ። አንተ ሪስታርት ባታደርገው መብራት ያደርግልሃል። ዩፒኤሱ፣ የመጠባበቂያ ባትሪው፣ ሃያ ደቂቃ ይይዛል፣ ጀነሬተሩ ናፍጣ አልቆበታል፣ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ ምሳ ወጥቷል። ታውቁታላችሁ። መጥፋቱ አይቀርም። ሰዓቱን አንተ ትመርጣለህ ወይስ መብራት ይመርጥልሃል? የዛሬው ወሬዬ በሙሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው የሚሽከረከረው።

አፕዴቱን በራሱ እንዲሄድ ማድረግ ቀላሉ ክፍል ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ኡቡንቱና ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ አንአተንድድ አፕግሬድስ የሚባል ፓኬጅ አለ። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ከመጀመሪያውም ተጭኖና በርቶ ነው የሚመጣው። በሰርቨሩ ሰዓት ከ06:00 እስከ 07:00 ባለው ጊዜ ይነሳል። ሁሉም ማሽን በአንዴ እንዳይረባረብ ደቂቃውን እንደ ዕጣ ነው የሚያወጣው። የሴኩሪቲ ፓቾችን ይጭናል፣ ይተኛል። ሬድ ሃት፣ ሮኪ ወይም አልማ የሚባሉትን ሊኑክሶች የምትጠቀሙ ከሆነ ዲኤንኤፍ አውቶማቲክ ያንኑ ይሠራላችኋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ያረጀ ማሽን ላይ ዝምታው እንዳያታልላችሁ። የኡቡንቱ 18.04 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 አልቋል። እዚያ ላይ ፕሮግራሙ በየቀኑ ይነሳል፣ የሚጭነው ነገር ያጣል፣ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይተኛል። እናንተም አብራችሁት ትተኛላችሁ።

ጣጣው የሚመጣው ከተጫነ በኋላ ነው። አዲሱ ከርነል ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ማሽኑ ግን እየሠራ ያለው ሲነሳ ሜሞሪ ውስጥ ባስገባው በአሮጌው ነው። አዲስ ጫማ ገዝቶ፣ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦ፣ በቀዳዳው የሚሄድ ሰው ማለት ነው። ኡቡንቱ ይህንን አይደብቅም። ሪቡት ሪኳየርድ የምትባል ፋይል ራን የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሎግኢን ስታደርጉም ሪስታርት እንደሚያስፈልግ ይጽፍላችኋል። እኛ ጋ ያ ጽሑፍ እንደ ግድግዳ ቀለም ሆኗል፣ ማንም አያየውም። ሬድ ሃት ላይ ደግሞ ኒድስ ሪስታርቲንግ የሚለው ትእዛዝ ነው የሚነግራችሁ።

ነገሩ ከርነል ላይ አያቆምም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚመሰጥረው ላይብረሪ) ቀዳዳ ይፋ ወጣ። ፓቹም ወዲያው ወጣ። ፓኬጁን አፕዴት አድርጎ ዌብ ሰርቨሩን ሪስታርት ሳያደርግ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ግን በሩ ክፍት እንደሆነ ነው ያደረው። ሲሠራ የነበረው ፕሮግራም አሮጌውን ላይብረሪ ሜሞሪ ውስጥ ይዞ ይቀጥላላ! ኒድሪስታርት የምትባለው መሣሪያ እንዲህ ያሉትን እየለቀመች ታሳያችኋለች። ካልጫናችኋት ዛሬ ማታ ጫኗት።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ማየት ለሚፈልግ የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ አለ። አፓቺ ስትራትስ በሚባለው የዌብ አፕሊኬሽን መሥሪያ ላይ ለነበረው ቀዳዳ ፓቹ የወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ነው። ዘራፊዎቹ በሜይ ገቡ። ሁለት ወር ሙሉ ፓቹ ሜዳ ላይ ነበር። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ወጣ።

አሁን ልናዘዝ።

ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ሰው ተሰልፎ ክፍያ የሚፈጽምበት ቤት ነው። ሁለት ሰርቨር ነበረን፤ አንዱ ላይ አፕሊኬሽኑ፣ አንዱ ላይ ዳታቤዙ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ተነሳስቼ አውቶማቲክ ሪቡቱን (ማሽኑ በራሱ ሪስታርት የሚያደርግበትን) አበራሁት። ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ሁለት መስመር ነው። አንዱ «ሪቡት ይደረግ ወይ?» ይላል፤ ፎልስ የሚለውን ትሩ አደረግኩት። ሌላው ሰዓቱን ይጠይቃል። ሰው የማይኖረው መቼ ነው? ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ጻፍኩት፦ 08:00።

ከፊት ያላችሁት ከወዲሁ ሳቃችሁ። አዎ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለማሽኑ 02:00 ነው። 08:00 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት። አእምሮዬ እንግሊዝኛውን ኮንፊግ ያነባል፣ እጄ ግን እናቴ ያስተማረችኝን ሰዓት ጻፈ።

ቅዳሜና እሑድ ምንም አልሆነም፤ ሪስታርት የሚያስፈልገው ፓች አልወጣም ነበር። ሰኞ ማለዳ አዲስ ከርነል ወረደ። ሰኞ ደሴ ላይ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ገበያ ነው፣ ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል። ልክ 2 ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያዋ እናት መስኮቱ ጋ ደርሰው ወረቀታቸውን ከመቀነታቸው ሲፈቱ፣ የገንዘብ ተቀባይዋ ስክሪን ደርቆ ቀረ።

እኔ ያኔ ቧንቧ ውሃ ጋ ባጃጅ እየጠበቅኩ ነበር። ስልኬ መጮኹን አላቆም አለ። ስደርስ መስኮቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ሲስተም የለም»። የዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሁለት ቃል! ስንቴ ወረፋ ይዤ ተናድጄባታለሁ መሰላችሁ። የዚያን ቀን ግን አመጣጧን ከሥሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሚገርመው ማሽኖቹ ተነስተዋል። ሁለቱም በሦስት ደቂቃ ውስጥ። ፒንግ ሳደርጋቸው ይመልሳሉ። ያልተነሳው ዳታቤዙ ነው። ከዓመታት በፊት የተከለው ሰው በእጁ ስታርት አድርጎት፣ ኢኔብል ማድረጉን (ማሽኑ ሲነሳ በራሱ እንዲነሳ ማዘዙን) ረስቶ ሄዷል። ስታርት ለዛሬ ነው፣ ኢኔብል ለነገ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ማሽኑ የጠፋ ቀን ነው። ማስተካከሉ አሥር ሰከንድ አልፈጀም። ችግሩ እዚያ መሆኑን ለማወቅ ግን 50 ደቂቃ ሎግ ስቆፍር ቆየሁ። አፕሊኬሽኑንም ዳግም ማስነሳት ነበረብኝ፤ ቀድሞ ተነስቶ ዳታቤዙን ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ቆሟል።

ላብ በላብ ሆኜ ስወጣ እኚያ እናት እዚያው ቆመዋል።

«መጣ ልጄ?»

«መጣ እማማ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«አብሽር፣ ያለ ነው» አሉኝ።

የበደልኳቸው እኔ፣ የሚያጽናኑኝ እሳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ኮንፊግ ፋይል ላይ ሰዓት ስጽፍ ከጎኑ በአማርኛ ኮመንት አደርጋለሁ፦ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ልጅም እንዳይሳሳት።

ስለ ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ የክላውድ ሰርቨር የምትከራዩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ነው። እኛ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ እዚያ ላይ 02:00 ብላችሁ ብትጽፉ ለእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። ቢሮ ከሆነ ችግር የለውም። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ጤና ተቋም ከሆነ ግን ተረኛውን ጠይቁት፤ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ የሰዓት ዞኑን ወደ አፍሪካ፣ አዲስ አበባ መቀየር አንድ መስመር ነው። ሌላም ልጨምር። ሰዓቱን ባዶ ከተዋችሁት ማሽኑ አይጠብቅም፤ አፕዴቱ እንዳለቀ ወዲያው ሪስታርት ያደርጋል። ሎግኢን ያደረገ ሰው ቢኖርም በተለመደው አሠራሩ ደንታ የለውም። እሱን የሚቀይር መስመር እዚያው ፋይል ውስጥ አለ።

አንድ ሁለት ሰርቨር ላላችሁ እስካሁን ያልኩት ይበቃል። አሥር ሲሞላ ግን እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት እንዲተኛና እንዲነሳ መልቀቅ አደጋ አለው። ዳታቤዙና አፕሊኬሽኑ በአንዴ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ያቺን ሰኞ አስታውሱ። እኔ የምጠቀመው አንሲብልን ነው። ማይክል ዲሃን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው፣ በ2015 ሬድ ሃት የገዛው መሣሪያ ነው። የወደድኩለት ማሽኖቹ ላይ የራሱን ሠራተኛ አይተክልም። የርቀት መግቢያው ኤስኤስኤችና የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ካሉ ከአንድ ላፕቶፕ ሁሉንም ያዛል። ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ፤ የምታውቁትን ተጠቀሙ።

ማሽኖቼን በሦስት ከፍዬ ስም አወጣሁላቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሳቁ፣ ግን ይሠራል። አቦል ውስጥ ያሉት ቢሞቱ የማላለቅስባቸው ናቸው፤ የመሞከሪያው ሰርቨርና የፕሪንተሩ። እነሱ ማክሰኞ ሌሊት ይቀምሳሉ። ቶና አፕሊኬሽኖቹ ናቸው፣ ሐሙስ ሌሊት። በረካ ዳታቤዞቹና ያ ቢሮው ሁሉ የተንጠለጠለበት ፋይል ሰርቨር ነው፣ ቅዳሜ ሌሊት። እሑድን ለማስተካከያ ይተውልኛል። ቡናው ላይ በረካ ቀጭኑ ነው፣ እኔ ጋ ደግሞ ከባዱ ሆኗል። እናቶቻችን ይቅር ይበሉኝ።

አቦል ላይ የሆነ ነገር ከተበላሸ ቶና አይቀዳም። እንዲህ ቀላል ነው። ይህ ቅንጦት ለሚመስለው ሰው ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ላስታውሰው። የሳይበር ጥበቃ ድርጅቱ ክራውድስትራይክ አንድ የተበላሸ አፕዴት ለደንበኞቹ ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ። አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ተቸገረ። ዊንዶውስ ስለሆነ አትሳቁ። ለሁሉም በአንዴ ከሚቀዳ ጠላ እኛም አንድንም። የእኛ ሰው ጠላ ሲቀዳ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ለዚህ አይደል?

እያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ደግሞ ማሽኖቹ ተራ በተራ ነው የሚሄዱት። አንሲብል ላይ ሲሪያል የሚል መስመር አለ፤ እሱን አንድ አድርጉት። ካልነገራችሁት በአንዴ እስከ አምስት ማሽን ጎን ለጎን ይነዳል፤ ሪቡት የሚለው ጋ ሲደርስም አብረው ይወድቃሉ። የእኔ ፕሌይቡክ፣ ማለትም አንሲብል የሚከተለው የትእዛዝ ዝርዝር፣ የሚሠራው እንዲህ ነው። ስናፕሾት (ወደኋላ መመለሻ የማሽኑ ቅጂ) መኖሩን ያያል። ፓኬጆቹን ያድሳል። ሪቡት ሪኳየርድ የምትለው ፋይል አለች ወይ ብሎ ይፈትሻል። ከሌለች ማሽኑን አይነካውም። ካለች ሪስታርት ያደርገውና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ካልነገራችሁት እስከ 600 ሰከንድ ይታገሳል። አሮጌ ማሽን ካላችሁ ጨምሩለት፤ ሜሞሪውን ቆጥሮ እስኪነሳ ዘመን የሚፈጅ ሰርቨር አለኝ።

ተነሳ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። በዚያች ሰኞም ፒንግ ይመልስ ነበር እኮ። ስለዚህ የመጨረሻው እርምጃ መስኮቱ ጋ እንደቆሙት እናት መሆን ነው። የክፍያውን ገጽ ክፈት፣ አንድ የሙከራ ደረሰኝ ፈልግ። ከመጣ ወደሚቀጥለው ማሽን እለፍ። ካልመጣ እዚያው ቁም፣ ለእኔም ቴሌግራም ላክ። ከፕሌይቡኩ ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይህን ፍተሻ መጻፍ ነው። አልቆጨኝም።

ሌሊት ብቻውን የሚሠራ ነገር ጥያቄ የሚመልስለት ሰው የለውም። ኡቡንቱ 22.04 ላይ አፕዴት ስታደርጉ «የትኞቹ ሰርቪሶች ሪስታርት ይደረጉ?» የሚል ሐምራዊ ስክሪን ድቅን የሚልባችሁ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ስክሪፕቱ ያን ፊት ለፊቱ ይዞ እስከ ጠዋት ሊቆም ይችላል። ኮንፊግ ፋይል ቀይራችሁ ከነበረም «የእናንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ልተካ?» ይላል። መልሱን አስቀድማችሁ ስጡት። እኔ የእኛን አቆይ ብዬ ነው የምነግረው።

አሁን የእኛን ሰፈር ችግር እናንሳ። ኢንተርኔቱ። አሥር ማሽን ያንኑ ከርነል አሥር ጊዜ ከውጭ ሲጎትት መስመሩ ይታነቃል፤ ብሩም ያልቃል። አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባለውን አንድ ትርፍ ማሽን ላይ ጫኑ። አንደኛው ሰርቨር ሲጠይቅ ያወርድና ያስቀምጠዋል። የቀሩት ከእሱ ይወስዳሉ። ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ፍጥነቱን ስታዩ ትስቃላችሁ። አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃዋል፣ ዲስኩ ሰፊ ይሁን ብቻ።

መብራቱ። በአፕዴት መሃል መብራት ሲሄድ ፓኬጁ ግማሹ ተጭኖ ግማሹ ሳይጫን ይቀራል። አትደንግጡ፤ ፓኬጅ የሚጭነውን ዲፒኬጂን ኮንፊገር በሉት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ግን ፕሌይቡኩ ከመጀመሩ በፊት ዩፒኤሱን እንዲጠይቅ አድርጌዋለሁ። በባትሪ ላይ ከሆነ ለዚያ ሌሊት ይቅር ይላል። ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረውን የሲስተምዲ ታይመር የምትጽፉ ደግሞ ፐርሲስተንት የሚለውን አብሩት። ማሽኑ ጠፍቶ ሰዓቱ ቢያልፍበት፣ ሲነሳ ያመለጠውን ያስታውሳል። ሌላው ሰዓት ጠባቂ ክሮን ይህን አያውቅም፤ ያለፈው አለፈ ነው የሚለው። ልብ በሉ ግን፣ ፐርሲስተንት ለአፕዴት እንጂ ለሪቡት ታይመር አይሁን። ሌሊት የጠፋ ማሽን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲነሳ «የሌሊቱን ሪቡት ረስቼ» ብሎ ሰው ፊት ዳግም ይተኛባችኋል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ለሳምንታት ጠፍቶ የከረመ ሰርቨር ያስነሳችሁም እዚህ አላችሁ። ያኔ የተማርኩት፦ እንዲያ የከረመ ማሽን መጀመሪያ የሚገናኘው ከአፕት ካቸሩ ማሽን ጋር ብቻ ይሁን። ይታደስ፣ ሪስታርት ይደረግ፣ ከዚያ በኋላ ለሰው ይከፈት።

ቡት የሚባለውን ፓርቲሽንም (የዲስክ ክፍል) እዩት። አሮጌ ከርነሎች ይከማቹበትና ይሞላል። ከሞላ አዲሱ አይገባም። አውቶማቲክ ማጽጃው ሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ አንድ አሮጌ ከርነል ግን ለክፉ ቀን ይቀመጥ። አዲሱ እንቢ ካለ ማሽኑ ሲነሳ ከሚመጣው የግረብ ሜኑ እሱን መርጣችሁ ትነሳላችሁ።

የቀይ ሻሿ እህቴ ስለ ላይቭፓች ጠየቀችኝ። ከርነሉን ሪስታርት ሳያደርጉ መጠገን ይቻላል፣ አዎ። ኡቡንቱ ፕሮ ለግል ተጠቃሚ እስከ አምስት ማሽን ድረስ በነጻ ይሰጣል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ትልልቁን የሴኩሪቲ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ሪስታርቱን አይሽረውም፣ ጊዜ ይገዛላችኋል። ዳታቤዛችሁ ኢኔብል ያልተደረገ መሆኑንም አይነግራችሁም። እኔ በረካ ላይ እጠቀምበታለሁ፤ ቅዳሜ ሌሊቱን ግን አልሰረዝኩም።

አቦሉ ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጣ። የቀረውን እየጠጣን እናውራ።

ከንግግሩ በኋላ የሆነውን ልጨምር። ባለ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ወንድማችን ቶና ላይ ቀረብ አለና «እሑድ ትመጣልኛለህ?» አለኝ። ሄድኩ። መጀመሪያ ባካፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሰን ከፍተን አየነው፣ ይነበባል። የሚሠሩትን ሰርቪሶች ወረቀት ላይ ጻፍን፤ 14 ናቸው። ኢኔብል የተደረጉትን ቆጠርን፤ 12። ሁለቱንም ያስተካከልን መሰለን። ከዚያ ሪቡት ብሎ ጻፈና ኢንተር ላይ ጣቱን አስቀምጦ ቆየ። «ቢስሚላህ» አለና ተጫነው። ማሽኑ ዲስኩን ልፈትሽ ብሎ 25 ደቂቃ ዝም አለ። ሁለታችንም አላወራንም። ሲነሳ 13 ሰርቪስ ቆጠርን። አሥራ አራተኛው ሥራ የለቀቀ ልጅ ከራሱ ሆም ፎልደር ስክሪን በሚባለው ፕሮግራም ከፍቶት የሄደ ስክሪፕት ነበር፤ የፔይሮሉን ሪፖርት የሚያወጣው እሱ ነው። የወሩ መጨረሻ አራት ቀን ቀርቶታል። ሰርቪስ አድርገን ጻፍነው፣ ኢኔብል አደረግነው፣ አንድ ጊዜ ደግመን ሪስታርት አደረግን።

14።